በባትል ብራዘርስ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት ሰው ሳይጨርሱ ለማለፍ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ባትል ብራዘርስን የጀመሩ ሰዎች ታሪክ ይመሳሰላል። በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በሁለተኛው ግማሹ ሰው ይሞታል፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ የተረፉት ደመወዝ ሲያጡ ቡድኑን ጥለው ይሄዳሉ። ተጫዋቹ ዕድሉን ይወቅሳል፣ አዲስ ዘመቻ ይጀምራል፣ ያም በዚያው መንገድ ያልቃል። ዕድል በዚህ ጨዋታ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ሽንፈቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ገበያ ላይ፣ ውል ሲፈረምና በውጊያው የመጀመሪያ ሁለት ዙሮች ነው። መመሪያው የሚያተኩረውም በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ይበቃል። የሃምቡርጉ ኦቨርሃይፕ ስቱዲዮስ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። መሣሪያው፣ ጥሩሩና የመንደሩ ኑሮ ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተወሰደ ሲሆን ካርታው ግን ምናባዊ ነው፤ አውሬና ሙታንም አሉበት። እናንተ የቅጥረኛ ወታደሮች አለቃ ናችሁ። ውል ትቀበላላችሁ፣ ሰው ትቀጥራላችሁ፣ ቢበዛ 12 ሰው ይዛችሁ በየተራ ትዋጋላችሁ። የሞተ ሰው አይመለስም።

መመሪያው "ኤ ኒው ካምፓኒ" በሚለው አጀማመር ለሚጫወቱ የተጻፈ ነው። ሌሎቹን አጀማመሮች ለጊዜው ተዉአቸው።

## አስቀድማችሁ በቃል የምትይዟቸው ቁጥሮች

ይህን ክፍል አትዝለሉት። እነዚህን ቁጥሮች ሳይዝ የሚዋጋ ሰው ሰዎቹን የሚያሰልፈው በግምት ነው።

የተግባር ነጥብ። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ዙር 9 ነጥብ አለው። የውጊያው ሜዳ በትንንሽ ቤቶች (እንደ ዳማ ገበታ ክፍሎች) የተከፋፈለ ነው፤ በሜዳ ላይ አንድ ቤት መራመድ 2 ነጥብ ይወስዳል። በአንድ እጅ በሚያዝ መሣሪያ አንድ ጊዜ መምታት 4፣ በሁለት እጅ በሚያዝ ከባድ መሣሪያ ደግሞ 6 ይወስዳል። ስለዚህ ጦርና ጋሻ የያዘ ሰው ቆሞ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ወይም ሁለት ቤት ሄዶ አንድ ጊዜ ይመታል። ሦስት ቤት ከሄደ የቀረው 3 ነጥብ ለመምታት አይበቃውም፤ ጠላት አጠገብ ቆሞ ለመመታት ተሰጠ ማለት ነው። የጀማሪዎች ትልቁ ጥፋት ይህ ሦስተኛ እርምጃ ነው።

ድካም። መራመድም መምታትም ድካም ይጨምራል፤ በየዙሩ መጀመሪያ 15 ይቀንሳል። ከባድ ጥሩር የሰውየውን የድካም አቅም ይቆርጣል። የደከመ ሰው ተራው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ቆይቶም እጁን ማንሳት ያቅተዋል።

የመምታት ዕድል። የመቺው ችሎታ ሲቀነስ የተመቺው መከላከያ ነው። ከ5 በመቶ በታች አይወርድም፣ ከ95 በላይም አይወጣም። ጠላት አጠገብ የቆመ ተጨማሪ ወዳጅ ሁሉ 5 በመቶ ይጨምራል። ከፍታ ላይ መቆም 10 በመቶ ይጨምራል።

መሸሽ። ጠላት አጠገብ የቆመ ሰው ሊርቅ ሲሞክር በዙሪያው ያለ ጠላት ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ በነፃ ይመታዋል። ምቱ ካረፈበት ከቦታው አይንቀሳቀስም። አንዴ ከገባችሁ መውጣት ውድ ነው።

ራስ። ከአራት ምት አንዱ ራስ ላይ ያርፋል፤ ራስ ላይ ያረፈ ምት ደግሞ ከአካል ምት የከፋ ነው።

## ደረጃ 1፦ ዘመቻውን ማዘጋጀት

1. የውጊያውንም የኢኮኖሚውንም ክብደት "ቢጊነር" ላይ አድርጉ። የመነሻ ገንዘቡን ከፍተኛውን ምረጡ። ማፈር አያስፈልግም፤ ቢጊነርም ሰው ይጨርሳል።
2. "አይረንማን" የሚለውን አጥፉ። እሱ ሲበራ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። የምትማሩት ደግሞ ያንኑ ውጊያ ሁለት ጊዜ በተለያየ መንገድ በመሞከር ነው።
3. ከእያንዳንዱ ውጊያ በፊት ጨዋታውን አስቀምጡ። በውጊያ መሐል ማስቀመጥ አይቻልም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በዴስክቶፕ ኮምፒውተር የምትጫወቱ ከሆነ ረጅም ውጊያ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

## ደረጃ 2፦ ሰው መቅጠር

በሦስት ሰዎች ትጀምራላችሁ። ጨዋታው ሆጋርት የተባለውን የሽፍቶች አለቃ እንድታድኑ ውል ይሰጣችኋል። ወዲያው አትሂዱ። መጀመሪያ ቢያንስ 6፣ ቢቻል 7 ሰው ሁኑ።

1. ርካሽ ግን ጠንካራ ሰው ፈልጉ። ገበሬ፣ እንጨት ቆራጭ፣ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ተደባዳቢና የመንደር ሚሊሻ ለፊት መስመር ይሆናሉ። ለርቀት ውጊያ አዳኝ ከሁሉ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ በድብቅ የሚያድን ሰው በርካሽ ይገኛል። ለማኝን፣ ልብስ ሰፊንና መነኩሴን ለፊት መስመር አትቅጠሩ።
2. የመቅጠሪያው ዋጋ የለበሰውንና የያዘውን ይጨምራል። ሁለት ገበሬዎች በተለያየ ዋጋ ከቀረቡ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የያዙት ዕቃ ነው።
3. ውድ ሰው ከሆነ የሙከራውን ክፍያ ክፈሉ። ሙከራው የሰውየውን ጠባይ ያሳያል። አስም ያለበትን፣ ፈሪውን፣ አካሉ ስስ የሆነውንና እጀ ደንባራውን እለፉ። ሳንባው ጠንካራ የሆነውን፣ ብርቱውንና እግሩ የማይስተውን ውሰዱ። ለርካሽ ሰው ግን ሙከራ አያዋጣም።
4. ችሎታው የሚታየው ከቀጠራችሁ በኋላ ነው። ልዩ ሙያ የሌለው ሰው የቅርብ ውጊያ ችሎታው ከ47 እስከ 57፣ የቅርብ መከላከያው ከ0 እስከ 5 ይሆናል። ችሎታው 55 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተንከባከቡት። ከ50 በታች ሆኖ ኮከብም (ያ ችሎታ ፈጥኖ እንደሚያድግ የሚያሳይ ምልክት) ከሌለው ለጊዜው መስመር ይያዝ፤ የተሻለ ሲገኝ ይተካል።

ማስጠንቀቂያ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ስሙ የገነነ ወታደር አትቅጠሩ። እሱን የምትቀጥሩበት ገንዘብ ለአራት ሰው ጋሻና የራስ ቁር ይገዛል። የቀን ደመወዙም ሳይዋጋ በዋለበት ቀን ሁሉ ይከፈላል፣ ደረጃው ባደገ ቁጥርም ይጨምራል።

## ደረጃ 3፦ መግዛት

የግዢው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አትቀያይሩት።

1. ምግብ። እያንዳንዱ ሰው በቀን 2 ይበላል። 8 ሰው ለአምስት ቀን 80 ያስፈልገዋል ማለት ነው። ምግብ ስለሚበላሽ የወር ቀለብ አታከማቹ።
2. ጋሻ፣ ለፊት መስመር ሁሉ። ያለ ልዩነት። በሁለት እጅ የሚያዝ መጥረቢያ ያምራል፤ ነገር ግን ጥሩር በሌለው ገበሬ እጅ ሲገባ ባለቤቱ ከጠላት በፊት ይሞታል።
3. ጦር። ለመምታት ዕድል 20 በመቶ ይጨምራል። ችሎታው 50 ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጥቂት ሰዎች በስተቀር ሁሉም ጦር ይያዝ።
4. የራስ ቁር። ብዙዎች ገንዘባቸውን ለደረት ጥሩር አውጥተው ራስ ይረሳሉ። ከላይ የጠቀስኩትን የራስ ምት አስታውሱ። ርካሽ የቆዳ ወይም የጨርቅ ቆብ እንኳ ሰው ያተርፋል።
5. መንሽ ወይም ረጅም ጦር፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው። እነዚህ ሁለት ቤት ርቀው ይመታሉ። ከፊት መስመር ጀርባ የቆመ ደካማ ሰው ሳይነካ ይመታባቸዋል፤ ልምድም ያገኛል።
6. ሁለት ደጋን ወይም ባለቃታ ቀስት። ለምን ሁለት እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ አስረዳለሁ።
7. ጩቤ፣ ቢያንስ ሁለት። በከረጢት ይቀመጡ። ጥሩር የምታገኙት በእነሱ ነው።

መጠገኛ ዕቃና መድኃኒት ከምግብ ቀጥሎ በየከተማው ተመልከቱ። መጠገኛ ያለቀበት ቡድን በተቀደደ ጥሩር ይዋጋል፤ በተቀደደ ጥሩር የሚዋጋ ሰው ደግሞ ይቆስላል።

## ደረጃ 4፦ ውል መምረጥ

1. የውሉን ክብደት በራስ ቅል ምልክት ታያላችሁ። እስከ 15ኛው ቀን ድረስ ባለ አንድ የራስ ቅል ብቻ ተቀበሉ።
2. ለመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ዓይነት ውል ይሻላል፦ ሽፍታ ማባረር፣ ዕቃ ማድረስ፣ የነጋዴ ጉዞ ማጀብ። በማጀብ ጊዜ የጉዞው ሰዎች አብረዋችሁ ይዋጋሉ፤ ከእነሱ ጎን ተሰለፉ እንጂ ቀድማችሁ አትሂዱ።
3. የመቃብር ቦታ ውል አደገኛ ነው። የሚጠብቃችሁ መቃብር ዘራፊ ሊሆን ይችላል፣ ሬሳ በላተኛ ሊሆን ይችላል፣ ሙታንም ሊሆኑ ይችላሉ። ስምንት ሰው ሳትሞሉ አትንኩት።
4. ክፍያ ላይ ተደራደሩ። አንድ ጊዜ መጠየቅ ብዙ አያስከፋም። ደጋግሞ መጠየቅ ግን ቀጣሪውን ያስቆጣል፣ ውሉም ሊቀር ይችላል።
5. ውል ይዛችሁ ወደ ቦታው ስትደርሱ ጠላት ከጠበቃችሁት በላይ ከሆነ ተመለሱ። ውል ማፍረስ በዚያ መንደር ዘንድ ስማችሁን ይጎዳል። ስም በሌላ ሥራ ይታደሳል።

## ደረጃ 5፦ ቦታና አሰላለፍ

የውጊያው መሬት የሚወሰነው በዓለም ካርታው ላይ በቆማችሁበት ቦታ ነው። ጫካ ውስጥ ከገጠማችሁ ጫካ፣ ሜዳ ላይ ከገጠማችሁ ሜዳ ይሆናል። ጠላት እያሳደዳችሁ ከሆነ ወደሚመቻችሁ ቦታ ሳቡት። ረግረግን በማንኛውም ዋጋ ሽሹ፤ እዚያ የቆመ ሰው የመምታትም የመከላከልም አቅሙ ይቀንሳል። ሌሊትም አትግጠሙ፤ ቀስተኞቻችሁ ሩቅ አያዩም፣ ችሎታቸውም ይወርዳል።

አሰላለፉን ከውጊያው በፊት በቡድኑ ገጽ ላይ አስተካክሉ፦

1. ፊት መስመር፦ ጋሻ ያላቸው ጎን ለጎን፣ ክፍተት ሳይኖር።
2. ከሁሉ የተሻለ ጥሩርና መከላከያ ያላቸውን ሁለቱን በሁለቱ ጫፎች አድርጉ። ብዙ ሰው ጠንካራውን መሐል ያስቀምጣል፤ ስህተት ነው። መሐል ያለውን የሚነካው በፊቱ ያለ ጠላት ነው፤ ጫፍ ላይ ያለውን ግን ይከቡታል።
3. ሁለተኛ መስመር፦ መንሽና ረጅም ጦር የያዙ።
4. ቀስተኞች ከኋላ፣ ከጫፍ ወደ መሐል ገባ ብለው።

## ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት። እኔ ራሴ በአንድ ቀን ሁለት ቡድን ካጣሁ በኋላ ውጊያዎቹን መለስ ብዬ ሳስብ፣ ሁለቱም የፈረሱት ሰዎቼ ተራ በተራ ወደ ጠላት ስለሮጡ ነበር። ፈጣኑ ቀድሞ ደረሰ፣ ብቻውን ተከበበ፤ ሁለተኛው ሊያድነው ሄደና እሱም ተከበበ።

ደንቡ አንድ ነው፦ ጠላት ወደ እናንተ ይምጣ። የሚመጣ ጠላት ነጥቡን በእግሩ ይጨርሳል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሁለት ጊዜ ይመታል።

ዙር 1

1. ማንንም ሳታንቀሳቅሱ ጠላትን በሙሉ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ቀስት ወይም የሚወረወር መሣሪያ የያዘ ስንት ነው? መጥረቢያ የያዘ አለ? መጥረቢያ ጋሻ ይሰብራል።
2. የእናንተን ቀስተኞች ከእነሱ ጋር አነጻጽሩ። የእናንተ የርቀት ኃይል ከበለጠ ጠላት ቆሞ መመታትን ስለማይፈልግ ወደ እናንተ ይገሰግሳል። የእነሱ ከበለጠ ግን ቆመው ይተኩሳሉ። ሁለት ደጋን ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ቀስተኞቹ ጠላት ባይገድሉም እንኳ ጠላትን ይጠሩላችኋል።
3. ጠላት የሚመጣ ከሆነ፦ ቀስተኞች ይተኩሱ፣ ፊት መስመሩ ባለበት ይቁም። ተራን መጨረስ አሸናፊ እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል።
4. ጠላት የማይመጣ ከሆነ፦ ሁሉም እኩል ሁለት ቤት ይሂዱና ጋሻቸውን ያንሱ። ሁለት ቤት 4፣ ጋሻ ማንሳት 4፣ በድምሩ 8 ነጥብ ነው። መስመሩ እንዳይዛነፍ ከሁሉ የዘገየውን ሰው ፍጥነት ተከተሉ። ጋሻ ማንሳት ድካሙ ብዙ ስለሆነ ቀስት ለማይደርስበት ሰው አታባክኑት።

ዙር 2

1. ጠላት ሦስት ወይም አራት ቤት ሲቀረው መሐል ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ጦረኞች የጦር ግድግዳ ይሥሩ። ወደ አጠገባቸው ሊገባ የሚሞክር ጠላት በመግባት ላይ ሳለ ይመታል፤ ምቱ ካረፈበትም ይመለሳል።
2. ሁሉም ሰው የጦር ግድግዳ አይሥራ። ድካሙ ከባድ ነው። ጠላት አጠገባችሁ ከደረሰ በኋላም መሥራት አይቻልም።
3. የጫፎቹ ሁለት ሰዎች ጋሻ ያንሱ።
4. ፈጣን ሰዎቻችሁን "ዌይት" በሚለው አዘግዩ። እያንዳንዱ ሰው በዙር አንድ ጊዜ ተራውን ወደ መጨረሻ መግፋት ይችላል። ጠላት ነጥቡን ጨርሶ አጠገባችሁ ሲቆም ያዘገያችኋቸው ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታሉ። በሚቀጥለው ዙር ተራቸው ቀድሞ ከደረሰ ጠላት እጁን ሳያነሳ እንደገና ይመታሉ።

ይህ አራተኛው ነጥብ ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። ከለመዳችሁት በኋላ ግን ጨዋታው ይቀየራል።

## ደረጃ 7፦ ከተጋጠማችሁ በኋላ

1. አንዱን ጨርሱ። ሦስት ጠላት አቁስሎ መተው ሦስት ምት መቀበል ነው። በሁለተኛ ረድፍ ያሉት ባለ መንሾችም የፊተኞቹ የሚመቱትን ይምቱ።
2. ከደካማው ጀምሩ። አንድ ጠላት ሲሞት ያዩት ጓደኞቹ ቆራጥነታቸው ይፈተናል። ሁለት ሦስት ደካሞች ቶሎ ከወደቁ ብዙውን ጊዜ ሌሎቹ ይሸሻሉ። አለቃቸውን አንድ ጋሻ ያነሳ ሰው ይያዝላችሁ እንጂ መጀመሪያ አትግደሉት።
3. የሚሸሸውን አታሳድዱ፣ ቀስተኛ ካልሆነ ወይም ውጊያው ካላለቀ በስተቀር። አሳዳጁ መስመር ይከፍታል።
4. የመጨረሻውን ጥሩር ለባሽ በጩቤ። ጥሩ ጥሩር የለበሰ ሽፍታ ብቻውን ሲቀር በሦስት ወይም በአራት ሰው ክበቡት፣ ሁለቱ ጩቤ ያውጡ፤ ዕቃ መቀየር 4 ነጥብ ይወስዳል። ጩቤ በጥሩሩ ክፍተት የሚወጋበት ስልት አለው፤ የመምታት ዕድሉ ዝቅ ይላል፣ ጥሩሩ ግን አይነካም። በመጥረቢያ ወይም በመዶሻ የተፈረካከሰ ጥሩር ከሬሳው ላይ አይገኝም። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ጥሩ ጥሩር የሚገኘው ከገበያ ሳይሆን ከእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። ይህን የማይሠራ ቡድን በ30ኛው ቀንም የጨርቅ ልብስ ለብሶ ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ የተከበበው ሰው በሁለት እጅ የሚያዝ መሣሪያ ከያዘ ጩቤውን እርሱት። በየዙሩ አንድ ሰው ሊያሳጣችሁ ይችላል፤ በምታውቁት መንገድ ቶሎ ጨርሱት።

## ደረጃ 8፦ ከውጊያው በኋላ

1. የቆሰለ ሰው ካለ ቀጣዩን ውል አትቀበሉ። ካምፕ ማድረግ ማገገሙንም ጥገናውንም ያፋጥናል። ከባድ ቁስል ካለ ቤተ መቅደስ ያለበት ከተማ ሂዱ።
2. የተረፈ ዕቃ ለመሸጥ ትልቅ ከተማ ምረጡ። መጀመሪያ ግን የእያንዳንዱን ሰው የራስ ቁርና ጥሩር ከተማረከው ጋር አወዳድሩ።
3. ደረጃ ሲያድግ ከስምንቱ ባሕርያት ሦስቱን ታሳድጋላችሁ። ለፊት መስመር ሰው የቅርብ ውጊያ ችሎታና የቅርብ መከላከያ ሁልጊዜ ይግቡ፤ ሦስተኛው የሕይወት ነጥብ፣ ድካም ወይም ቆራጥነት ይሁን። የቅርብ ውጊያ ችሎታ ያለ ኮከብ በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ነው የሚያድገው። 1 ከመጣና የሕይወት ነጥብ 4 ከመጣ ያን ጊዜ ብቻ መዝለል ይቻላል።
4. የመጀመሪያው ልዩ ብቃት፦ የሕይወት ነጥብን በ25 በመቶ የሚጨምረው "ኮሎሰስ" ለፊት መስመር ሰው የሚያሳዝን ምርጫ አይደለም። "ስቱደንት" ልምድን በ20 በመቶ ያፋጥናል፣ 11ኛ ደረጃ ላይም ነጥቡ ይመለሳል፤ ከኋላ ለሚቆሙት ስጡት። ፊት ላይ የሚቆመው 11ኛ ደረጃ ለመድረስ መጀመሪያ መኖር አለበት።

## ጠላቱ ሲለያይ ምን ይቀየራል

ትልልቅ ተኩላዎች። ፈጣን ናቸው፣ በጫፍ ዞረው ቀስተኞችን ይበላሉ። መስመሩን አጥፉና ቀስተኞቹን መሐል አድርጋችሁ ክብ ሥሩ። ጦር እዚህ ጥሩ ይሠራል፤ ጥሩራቸው ስስ ነው።

ሬሳ በላተኞች። ሬሳ በበሉ ቁጥር ይገዝፋሉ። የወደቀ ሬሳ ላይ የራሳችሁን ሰው አቁሙ፤ ካልቻላችሁ ሬሳው አጠገብ ያለውን ቅድሚያ ግደሉ።

ተመልሰው የሚነሱ ሙታን። አይፈሩም፣ አይሸሹም፣ ወድቀውም ሊነሱ ይችላሉ። ራስ የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ማለትም ሰይፍ ወይም መጥረቢያ፣ ለሁለት ሦስት ሰው ስጡ።

አጽሞች። ፍላጻና ጦር ብዙም አይጎዳቸውም። ሁሉም ሰው ጦር የያዘበት ቡድን እዚህ ይጠፋል። በመጀመሪያው ወር ከእነሱ ራቁ።

ጎብሊኖች። ትንንሽ ናቸው ብላችሁ አትናቁ። መርዝና መረብ አላቸው፣ ከሩቅም ይተኩሳሉ። 12 ሰው ሳትሞሉ የጎብሊን ውል አትቀበሉ።

## ሲበላሽ

ከመስመሩ አንድ ሰው ከወደቀ፦ ከሁለተኛ ረድፍ ሰው ወደ ክፍተቱ አታስገቡ። የጎኑ ሁለት ሰዎች ጋሻ አንስተው ባሉበት ይቁሙ፤ ባለ መንሹ ክፍተቱን ሊያልፍ የሚሞክረውን ይምታ።

ቀስተኛችሁ አጠገብ ጠላት ከደረሰ፦ አይሽሽ፣ በነፃ ይመታል። ጋሻ ያለው ሰው ጠላቱን በጋሻው ይግፋው፤ ግፊቱ ከተሳካ ጠላቱ አንድ ቤት ይርቃል፣ ቀስተኛውም ሳይመታ ይወጣል። ገፊ ካልቀረበ ቀስተኛው ጩቤ ያውጣ።

የእናንተ ሰው ፈርቶ ከሸሸ፦ ተዉት። የሚከተለውን ጠላት ግን አስቁሙ። ከሜዳው ጫፍ ከደረሰ በሕይወት ይወጣል።

80 በመቶ ሦስት ጊዜ ከሳተ፦ ዕቅዱን አትቀይሩ። ብዙ ውጊያ የሚበላሸው በመሳቱ ሳይሆን ከተሳተ በኋላ ተጫዋቹ ተናዶ ሰው ወደ ፊት ሲልክ ነው።

ውጊያው የሚሸነፍ መሆኑ ከታወቀ፦ በጊዜ ውጡ። ያልተያዙትን ወደ ሜዳው ጫፍ አድርሷቸው፤ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው በሰላም ይወጣል። የሞቱት ሰዎች ዕቃ እዚያው ይቀራል። ይህ ያማል፤ ነገር ግን አምስት ልምድ ያላቸው ሰዎች ይዞ መውጣት አሥር ጀማሪ ይዞ ከመጀመር ይሻላል።

ገንዘብ ካለቀ፦ መጀመሪያ የማትለብሱትን ጥሩር ሽጡ፣ ከዚያ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያለ ሥራ የቆመውን አሰናብቱ። ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው ስሜቱ ይወርዳል፣ ከዚያም ይጠፋል፤ ጥሎ የሚሄደው ደግሞ እናንተ የምትፈልጉት ሊሆን ይችላል። በየመንደሩ ዕቃ የማድረስ ውል እየሠራችሁ የአራት ቀን ደመወዝ እስክትይዙ ድረስ ውጊያ አትፈልጉ።

ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ ከተረፈ፦ ዘመቻውን አትዝጉ። ውጊያውን አሸንፋችሁ ከሆነ የሞቱትን ዕቃ ይዛችኋል፤ ጥሩሩ ካለ ሰው በርካሽ ይገኛል። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ገበሬ ቅጠሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን የራስ ቁሩን ከሟቾቹ አውርሷቸው፣ የተረፉትን ልምድ ያላቸውን ሁለቱን በሁለቱ ጫፎች አቁሙ።